አንድ ጎጆና አንድ ደብተር፦ ቤተ ሙከራ የት ይጀምራል?

በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ አዳዲስ የፊዚክስ ተማሪዎቻችንን "እስከ ዛሬ በገዛ እጃችሁ ምን ለክታችሁ ታውቃላችሁ?" ብለን እንጠይቃለን። የሚበዙት ዝም ይላሉ። ጥቂቶቹ ፈገግ ብለው "የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ተቆልፎ ነው የኖረው"፣ "መሣሪያ አልነበረንም" የሚል መልስ ይሰጣሉ። ቅሬታቸው እውነት ነው። የኒውተንን ሕጎች በቃላቸው የሚወጡ፣ ነገር ግን የአንድን ፔንዱለም ውዝዋዜ በሰዓት ለክተው የማያውቁ ወጣቶችን ስንቀበል ብዙ ዓመታት አስቆጥረናል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት ከዚህ ቅሬታ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የሚጀምረው ግን ከትምህርት ክፍል ሳይሆን ለቡ ከሚገኘው መኖሪያ ቤታችን ጓሮ፣ ከአንድ ግራር ሥር ነው። አንባቢ ጥቂት ታግሦ ቢከተለን፣ ከግራሩ ተነሥተን ወደ ተቆለፈው ቤተ ሙከራ እንመለሳለን።

ግራሩና እንግዶቹ

ለቡ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ዛሬ ቤት ከቤት ተያይዞ የሚታይበት ይህ ቦታ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት በአብዛኛው የእርሻ ማሳ ነበር። እኛም በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን ቦታው ሲደርሰን፣ ገበሬው ለጥላ ሳይቆርጠው ያቆየው አንድ ትልቅ ግራር ከግቢያችን ጥግ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቤቱ ተሠራ፤ ግራሩም ባለበት ቀረ።

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ይህን ግራር ቆርጠን በምትኩ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርተን ለማከራየት ወሰንን። በመምህር ደመወዝና በገበያው መካከል ያለውን ርቀት ለሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱን ማብራራት አያሻንም። ከግንበኛው ጋር በዋጋ ተነጋግረን፣ ክረምቱ ሳይገባ መሠረቱ እንዲወጣ ተስማማን።

ግንቦት 12 ቀን ጧት የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን "አባዬ፣ አንድ ወፍ ከሣር ጋር እየታገለ ነው፤ ቶሎ ና!" ብላ ጠራችን። ወጥተን ስናይ፣ ግንባሩ ደማቅ ቢጫ፣ በዓይኑ ዙሪያም ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል ትንሽ ወፍ፣ ከግራሩ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ረጅም የሣር ቅጠል ይጠመጥማል። እንደ እርሱ ያለ ቢጫ ግንባር የሌላት ሴቷ ደግሞ ከጎን ሆና ትመለከታለች። ከእኛ ጋር የሚኖሩት እናታችን ቆም ብለው አዩና "ጎጆ ሊወጡ ነው፤ ጎጆ የሚወጣን ደግሞ አያፈናቅሉም" አሉ። ነገሩ በቀልድ ቢነገርም፣ በማግሥቱ ለግንበኛው ስልክ ደውለን ሥራው ጥቂት ሳምንታት እንዲቆይ ለመንነው።

ወፎቹን ከመጽሐፍ ጋር አመሳክረን እንደተረዳነው በሳይንሳዊ ስማቸው ፕሎሴውስ ባግላፌክት የሚባሉ ሸማኔ ወፎች ናቸው። ብዙዎቹ የሸማኔ ወፍ ዓይነቶች በአንድ ዛፍ ላይ በመንጋ ሆነው ጎጆ ሲሠሩ፣ እነዚህኞቹ ግን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለብቻቸው ተጣምረው ይኖራሉ። የስማቸው ታሪክ ራሱ ያስገርማል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ቢዩፎን የተባለው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ሊቅ ከሐበሻ አገር የተገኘ ወፍ ነው ብሎ "ባግላፌክት" በሚል ስም ጻፈለት፤ ሌላው ፈረንሳዊ ዶዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1802 ይህንኑ ስም ሳይንሳዊ አደረገው። እንግዲህ ወፉ በአውሮፓ መዝገብ ከገባ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሆኖታል። በገዛ ጓሯችን ግን እኛ ለዓመታት "ወፍ" ብቻ እያልነው አልፈነዋል።

ቋጠሮው የማይፈታው ለምንድን ነው?

የፊዚክስ ሰው በመሆናችን መጀመሪያ ዓይናችንን የሳበው ጎጆው ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዘበት ዘዴ ነበር። ወፉ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው፤ ያለው መንቁሩና እግሩ ብቻ ነው። የሣሩን ጫፍ በእግሩ ከቅርንጫፉ ጋር አጣብቆ ይይዝና ሌላውን ጫፍ በመንቁሩ ይጠመጥማል፤ ያሾልካል፤ መልሶ ይጎትታል። በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ ቀለበት ሠራ፤ ከቀለበቱም ተነሥቶ ጣራውንና ግድግዳውን ሸመነ። በመጨረሻም መግቢያው ወደ ታች የሚመለከት፣ ኳስ መሰል ጎጆ ሆነ። ነፋስ ሲወዛወዝበት ከረመ፤ ሰኔ ሲገባም ዝናብ ወረደበት፤ ግን አልወደቀም።

መልሱ ያለው ሰበቃ ወይም ፍሪክሽን በምንለው ኃይል ላይ ነው። ገበሬ በሬውን ከግንድ ጋር ሲያስር ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠመጥመው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በኦይለር ስም የሚታወቀው ሕግ እንደሚያስረዳው፣ በግንድ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ሊቋቋም የሚችለው ኃይል በእያንዳንዱ ዙር የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። ለምሳሌ ያህል የሰበቃው ምጣኔ 0.3 ነው ብንል፣ አንድ ሙሉ ዙር በአንደኛው ጫፍ የምንይዝበትን ኃይል ወደ 6.6 እጥፍ ያሳድገዋል፤ ሁለት ዙር ወደ 43 እጥፍ፤ ሦስት ዙር ደግሞ ወደ 285 እጥፍ። በዚህ ምክንያት ቀጭን ሣር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ በሌላ ሣር ሥር በትንሹ ከተያዘ ለመፍታት አዳጋች ይሆናል።

ልብ በሉ፤ 0.3 የሚለውን ቁጥር የወሰድነው ለምሳሌ ነው። የለጋ ሣር ትክክለኛ ምጣኔ ስንት እንደሆነ ማወቅ የሚሻ ተማሪ አንድ ሣር በእርሳስ ላይ ጠምጥሞ፣ በሁለቱም ጫፎች ክብደታቸው የታወቀ ነገሮችን አንጠልጥሎ፣ መንሸራተት የሚጀምርበትን መጠን ሊፈልግ ይችላል። ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው ሁሉ ከማንኛውም ቤት ይገኛል።

ያየነውና የገመትነው

ልጃችን ከደብተሯ መሐል አዲስ ገጽ ከፍታ መመዝገብ ጀመረች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታ፣ የታየው ነገር። ግንቦት 24 ቀን "ዛሬ ሁለት እንቁላል ጣለች" ብላ ጽፋ አገኘናት። "እንቁላሎቹን አይተሻቸዋል?" ብለን ጠየቅናት። "አላየኋቸውም፤ ግን ሴቷ ገብታ ቀረች" አለች። "ሁለት መሆናቸውንስ በምን አወቅሽ?" መልስ አልነበራትም። መሰላል አምጥተን እንድናይ ለመነችን፤ እኛም ከለከልናት። ጎጆን መነካካትና ደጋግሞ መጠጋት ወፎች ጎጆአቸውን ትተው እንዲሄዱ ሊያደርግ ይችላል፤ ለአዳኝም መንገድ ያሳያል። ይህ ክልከላ ከልጃችን ይልቅ እኛን እንደከበደን ግን አንደብቅም። የእጅ ስልካችንን በረጅም ዘንግ ላይ አስረን ውስጡን ፎቶግራፍ የማንሣት አሳብ ሁለት ሌሊት አላስተኛንም ነበር።

በመጨረሻ ደብተሩ ላይ ገጹን ለሁለት ከፈልነው። በአንደኛው ዓምድ "ያየነው"፣ በሁለተኛው "የገመትነው" የሚል ርእስ ሰጠን። ሴቷ ለረጅም ሰዓት ጎጆ ውስጥ መቆየት የጀመረችው ግንቦት 24 ነው፤ ይህ ያየነው ነው። እንቁላል የጣለችው በዚያ ሰሞን ነው፤ ይህ የገመትነው ነው። የእንቁላሉ ብዛት ደግሞ በሁለቱም ዓምድ "አልታየም" ተብሎ ተጻፈ። ሰኔ 8 ቀን ሁለቱም ወፎች በአፋቸው ምግብ ይዘው መመላለስ ጀመሩ፤ ይህም ያየነው ነው። ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 8 አሥራ አራት ቀን ነውና እንቁላሎቹ ለመፈልፈል የወሰዱት ጊዜ በዚያ አካባቢ ነው ብለን ገመትን።

በዩኒቨርሲቲ ስናስተምር ከምናያቸው የቤተ ሙከራ ዘገባዎች ውስጥ ብዙዎቹ የሚወድቁት በዚህች ነጥብ ላይ ነው። ተማሪው ከመሣሪያው ያነበበውንና "መሆን አለበት" ብሎ ያሰበውን ለያይቶ አይጽፍም። አንዳንዱም ይብስና መጽሐፉ የሚለውን ቁጥር አስቀድሞ ጽፎ ልኬቱን ወደዚያ ይጎትተዋል። "አልታየም" ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። በፈተና ባዶ መልስ ዜሮ እያስገኘለት ያደገ ልጅ ይህን ድፍረት ከየት ያመጣዋል?

ሰባትና አሥራ አምስት

ጫጩቶቹን መመገብ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሥራ ጨመርን። ከሰኔ 11 እስከ ሰኔ 17 ድረስ በየቀኑ ከጧቱ 12፡30 እስከ 1፡00 ሰዓት ተቀምጠን ወፎቹ ምግብ ይዘው ስንት ጊዜ ወደ ጎጆው እንደሚገቡ ቆጠርን። ውጤቱም በቅደም ተከተል 8፣ 12፣ 7፣ 11፣ 15፣ 10 እና 14 ሆነ። ድምሩ 77፣ የቀን አማካዩም 11 ነው።

ልጃችን ወዲያውኑ ምክንያት አገኘች፤ "ዓርብ 7 የሆነው ሌሊቱን ዝናብ ስለዘነበ ነው፤ እሑድ 15 የሆነው ደግሞ ፀሐይ ስለነበረ ነው" አለች። መልኩ አሳማኝ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ላይ ፊዚክስ የሚለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1910 ራዘርፎርድና ጋይገር ከራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶችን በእኩል የጊዜ ክፍልፋዮች እየከፈሉ ቆጥረው ነበር። ምንጩ ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ግን ከክፍልፋይ ክፍልፋይ ይዋዥቅ ነበር። መዋዠቁም ቀደም ብሎ ፖይሶን የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ያገኘውን ሕግ የተከተለ ሆኖ ተገኘ። ሕጉ በአጭሩ ሲነገር፣ እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ ክስተቶችን ስንቆጥር የምንጠብቀው መዋዠቅ የአማካዩ ስኩዌር ሩት ወይም ዳግም ዘር ያህል ነው። የ11 ዳግም ዘር 3.3 ገደማ ነው። ስለዚህ ምንም ምክንያት ሳይኖር፣ በአጋጣሚ ብቻ፣ አንድ ቀን 8 ሌላ ቀን 14 ቢሆን ሊደንቀን አይገባም። 7 እና 15 እንኳ ከሰባት ቀናት ውስጥ ትንሹና ትልቁ ተመርጠው የወጡ በመሆናቸው ብቻቸውን ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

በርግጥ ወፍ የራዲዮአክቲቭ አቶም አይደለችም። አንዴ መግባቷ የሚቀጥለውን መግባቷን ሊያፈጥነው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። ዝናብም በእርግጥ ትልን ከቅጠል ሥር ይደብቅ ይሆናል። እኛ ያልነው የልጃችን ምክንያት ሐሰት ነው አይደለም፤ በሰባት ቀን ቆጠራ ሊረጋገጥ አይችልም ነው። ለማረጋገጥ ዝናባማ ቀናትን ከፀሐያማ ቀናት ለይቶ ብዙ ጊዜ መቁጠር ያሻል። አማካዩን እንኳ በትክክል ብንናገር "11፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 1.3 ያህል" ማለት ይገባናል። ዛሬ በየመድረኩ "በዚህን ያህል ጨመረ፣ በዚያን ያህል ቀነሰ" እየተባለ ስለሚነገሩን ቁጥሮች ሁሉ "መዋዠቁስ ስንት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ዜጋ የምናገኘው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ደጋግሞ ከቆጠረ ሰው መካከል ነው ብለን እናምናለን።

እህል ወይስ ትል?

ደብተሩ ያስተማረው ልጃችንን ብቻ ሳይሆን እኛንም ነው። ወፍ እህል ትበላለች የሚለውን ነገር በማሳ ላይ ወፍ ከምንጠብቅበት ዕድሜ ጀምሮ የምናውቀው ስለነበረ፣ ጫጩቶቹ እንዲጠግቡ ብለን ከግራሩ አጠገብ በሰፌድ ስንዴ አደረግን። እናታችንም "ከእህል ሌላ ምን ሊበሉ!" ብለው ደገፉን። ወፎቹም አልፎ አልፎ ከሰፌዱ ሲለቅሙ አየን፤ በመሆኑም ጫጩቶቹን በስንዴ እያሳደግን ነው ብለን ተደሰትን።

ሆኖም ከመግባታቸው በፊት በአፋቸው የያዙትን በመነጽር እያየን መመዝገብ ስንጀምር ነገሩ ሌላ ሆነ። አጥርተን ልናየው በቻልነው ጊዜ ሁሉ ለማለት ይቻላል፣ ወደ ጎጆው የሚገባው አረንጓዴ ትል ወይም ሌላ ነፍሳት ነበር። ስንዴውን ራሳቸው ይቀማምሱታል እንጂ ለልጆቻቸው አልወሰዱትም። ኋላ መጻሕፍት ስናገላብጥ ይህ የሸማኔ ወፍ ዓይነት ከዘር ይልቅ ነፍሳትን አዘውትሮ የሚመገብ መሆኑን አነበብን። ለጓሯችን ጎመን ባለውለታ እንደሆነም ተረዳን። ዕድሜ ልካችንን እርግጠኛ የነበርንበት ነገር በአንድ ሳምንት ምልከታ ፈረሰ። መላ ምት ማለት እንዲህ ሲፈርስ ባለቤቱን የማያሳፍር አሳብ ነው።

የሚቆጥሩ ሕዝቦች

የዶክትሬት ትምህርታችንን በእንግሊዝ አገር ስንከታተል ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር አንድ ሰዓት ሙሉ ከመስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው በጓሯቸው የሚያርፉትን ወፎች ቆጥረው፣ ቅጹን ሞልተው ይልኩ ነበር። በዚያን ጊዜ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎን በልባችን ስቀናል። ነገሩ ግን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚካሄድ አገር አቀፍ ቆጠራ ነው። በእንግሊዝ ጓሮዎች የድንቢጥ ቁጥር ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከግማሽ በላይ ማሽቆልቆሉን ካሳዩት መረጃዎች አንዱ ይኸው እንደ እኒህ ሰው ያሉ ተራ ዜጎች የሞሉት ቅጽ ነው። በዚያው አገር የጎጆ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ተይዟል። በሰሜን አሜሪካም በገና ሰሞን የሚካሄደው የወፍ ቆጠራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። ዴቪድ ላክ የተባለውና በኋላ ስመ ጥር የሥነ ሕይወት ሊቅ የሆነው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዳርቲንግተን የትምህርት ቤት መምህር ሳለ፣ ሮቢን በተባሉ ትናንሽ ወፎች እግር ላይ ባለቀለም ቀለበት እያሰረ አኗኗራቸውን ተከታተለ። በ1943ም ውጤቱን በመጽሐፍ አሳተመ። ምርምሩ የተሠራው በትምህርት ቤቱ አካባቢ ነው።

በአገራችንም ጅምሮች አልጠፉም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የአገሪቱን አእዋፍ የሚዘረዝር በኧርባንና ብራውን የተዘጋጀ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1971 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል። ዛሬ በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች መኖራቸው ይታወቃል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ ከመንገድ ላይ የተገኘን አንድ የሞተ ወፍ ክንፍ ብቻ መሠረት በማድረግ፣ በ1995 ለሳይንስ አዲስ የሆነ የወፍ ዓይነት ተሰይሟል። ሳይንሳዊ ስሙም "ሶላላ" ሲሆን በላቲን "አንድ ክንፍ ብቻ" እንደማለት ነው። ሙሉ አካሉ ሳይገኝ በክንፉ ብቻ ስም የወጣለት ወፍ የሚኖርበት አገር፣ ብዙ ዓይንና ብዙ ደብተር የሚያስፈልገው አገር ነው።

በለቡ የሚኖሩት ሸማኔ ወፎች ከሃያ ዓመት በፊት ከነበሩት በዝተዋል ወይስ አንሰዋል? ማሳው ቤት ሲሆን የትኞቹ ሄዱ፣ የትኞቹስ ከእኛ ጋር መኖርን ለመዱ? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈ ደብተር ነው። ያ ደብተር በእጃችን የለም። ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ የሚመጡት ይህንኑ እንዳይሉ ማድረግ ግን ዛሬም ይቻላል። የመረብ ግንኙነት ያለው ተማሪ ምልከታውን እ.ኤ.አ. በ2002 በተቋቋመው "ኢ-በርድ" በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ በእጅ ስልኩ ማስፈር ይችላል። የሌለው ደግሞ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ መዝገብ መክፈት ይችላል።

"ታዲያ ቤተ ሙከራው ይቅር?"

ይህን አሳብ ለባልደረቦቻችን ስናካፍል አንዱ ቆጣ ብሎ "እናንተ እንዲህ ስትሉ ባለሥልጣኑ 'መሣሪያ አያስፈልግም፣ ወፍ ቁጠሩ' ሊል ነው" አለን። ሥጋቱ ተገቢ ነው። በወፍ ቆጠራ የኤሌክትሮንን ሙል መለካት አይቻልም። ኬሚስትሪም ያለ ኬሚካል ኬሚስትሪ አይሆንም። የተቆለፉት በሮች መከፈት፣ ባዶዎቹ መደርደሪያዎች መሞላት አለባቸው።

እንዲያውም ለዚህ ክርክር ምስክር የሚሆነን ይኸው ሸማኔ ወፍ ነው። ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሌላ ሸማኔ ወፍ ዓይነት ጫጩቶችን ለመሸመኛ የሚሆን ለምለም ቅጠል ነፍገው አሳደጉ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1964 አሳተሙ። ወንዶቹ ወፎች አድገው ቅጠል ሲሰጣቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሞክሩ ካደጉት እጅግ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። መጀመሪያ ላይ መሸመን ተስኗቸው ነበር። ነጻ ሆነው የሚያድጉት ግን ገና ጎረምሳ ሳሉ ያልተስተካከሉ ጎጆዎች እየሠሩ፣ እየፈረሰባቸው፣ እንደገና እየጀመሩ ይማራሉ። እንግዲህ ሽመና ከወፉ ጋር የተወለደ ነው የምንለው ሙያ እንኳ ልምምድ ካጣ እንዲህ ከሆነ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሳይለካ ያደገ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እጁ ቢንቀጠቀጥ ጥፋቱ የማን ነው?

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። የጓሮ ምልከታ የቤተ ሙከራ ምትክ አይደለም፤ ለቤተ ሙከራ የሚያዘጋጅ ልምምድ ነው። ያየውንና የገመተውን መለየት፣ ደጋግሞ መቁጠር፣ መዋዠቅን መቀበል፣ የወደደውን አሳብ መረጃ ሲያፈርስበት መተው ያልለመደ ተማሪ፣ ምርጡ መሣሪያ ቢሰጠው እንኳ ከመጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጦ ይወጣል። ይህን የምንለው አይተን ነው። በውጭ አገር ሳለን ዋጋው የእኛን ትምህርት ክፍል ዓመታዊ በጀት በሚያስንቅ መሣሪያ ላይ ተቀምጠን፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የቸገረን መሣሪያው ሳይሆን ያነበብነውን ቁጥር መጠርጠር አለመልመዳችን ነበር።

የግራሩ ነገር

ሰኔ 25 ቀን ሁለት ጫጩቶች ከጎጆው ወጥተው በቅርንጫፉ ላይ ቆሙ። ልጃችን "ያየነው" በሚለው ዓምድ "ሁለት" ብላ ጻፈች፤ "የእንቁላል ብዛት" በሚለው ፊት ግን "አልታየም" የሚለውን አልሰረዘችም። ምክንያቱን ስንጠይቃት "ሦስት ኖሮ አንዱ ሳይፈለፈል ቀርቶ ሊሆን ይችላል" አለች። በዚያች ዕለት ከማንኛውም የተማሪ ዘገባ ያላገኘነውን ደስታ አገኘን።

ክረምቱ አልፎ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሲጠባ ግንበኛው ደወለ። ወፎቹ ሄደዋል፤ ጎጆውም ደርቆ ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ ለማዘግየት የሚያበቃ ምክንያት አልነበረንም። ቤተሰቡ ተቀምጦ መከረ። በመጨረሻም ከሁለት ክፍል አንዱን ብቻ፣ እርሱንም በግቢው በሌላው በኩል ለመሥራት ወሰንን። በዚህም በየወሩ የአንድ ክፍል ኪራይ ቀርቶብናል፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በውሳኔያችን ጎረቤት ሁሉ ይስማማ አንልም፤ ልጆቹን የሚያስተምርበት አጥቶ ዛፉን የሚቆርጥ ሰው ላይ የመፍረድ መብትም የለንም። ለማለት የምንችለው፣ በሚያዝያ ወር ግራሩን ልንቆርጥ ስንወስን በላዩ ምን እንዳለ አናውቅም ነበር፤ በመስከረም ግን እናውቅ ነበር። ሒሳቡን የሠራነው በሁለቱም በኩል ያለውን ጽፈን ነው።

ዘንድሮ ለአዳዲስ ተማሪዎቻችን የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ለውጠናል። እያንዳንዱ ተማሪ የመረጠውን አንድ ነገር፣ ወፍም ይሁን በደጁ የሚያልፍ ታክሲ፣ ለሰባት ቀን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ቆጥሮ፣ አማካዩንና መዋዠቁን፣ ያየውንና የገመተውን ለይቶ ያመጣል። ይህን መጽሔት የምታነቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ያዙ፤ ከዛፉ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጎጆውን አትንኩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ያላያችሁትን "አልታየም" በሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ደብተሩ ሲሞላ ለትምህርት ቤታችሁ ርእሰ መምህር ወስዳችሁ አሳዩ፤ አሳይታችሁም የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ጠይቁ።